ወሬኛዋና ኩላሊቶቼ

ኅዳር 4
ነገሩ የተበላሸው ዛሬ ረፋድ ላይ ነው… ሐኪሙ ቀና ሳይል «ጥሩ ነው» ያለኝ ጊዜ።

ለክትትል ነበር የሄድኩት። ካንሰሩን ከአንጀቴ ቆርጦ ያወጣው እሱ ነው። ቁስሉ እስኪድን ብሎ የትንሹን አንጀቴን ጫፍ የሆዴን ቆዳ ቀዶ ወደ ውጭ ያወጣውም እሱ። እላዩ ላይ ከረጢት ተለጥፏል። ቀዳዳዋን «ወሬኛዋ» ብያታለሁ። ሰዓት አታውቅ፣ ሰው አትመርጥ… የሆዴን ሁሉ ትዘከዝከዋለች።

«ዶክተር፣ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። ከረጢቱን ደፍቼ ሳልቀመጥ ይሞላል።»
«ጥሩ ነው፤ እየሠራ ነው ማለት ነው። ውሃ ጠጪ።»
«ሽንቴ ግን…»
«ጠጪ አልኩሽ እኮ። ቀጣይ!»

ቀጣይ? መች ጨረስኩና?

ኅዳር 7
ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ። እኔ በላይ አስገባለሁ፣ ወሬኛዋ በጎን ታወጣለች። ቧንቧ ሆንኩ። እማዬ ብርጭቆ ይዛ ትከተለኛለች፤ «ጠጪ የኔ እናት…»

ሽንት ግን የለም። እግሬን ይቆረጥመኛል። ዛሬ ጠመኔ እንደያዝኩ ዞረብኝና ሰሌዳውን ተደገፍኩ። ከኋላ አንዱ ተማሪ፣ «ቲቸር ሞቅ ብሏታል!» በውሃ የሰከረች ሰው አይተው አያውቁማ።

ኅዳር 9
ድንገተኛ ክፍል። ኩላሊቶቼ አድማ መትተዋል።

ኅዳር 10
ጉሉኮስ ተሰክቶልኛል። የኩላሊት ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።
«ምን ስትጠጪ ነበር?»
«ውሃ።»
«ባዶውን?»
«ምን ልቀላቅልበት ዶክተር፣ አረቄ?»

ሳቀች። ከዚያ አስረዳችኝ። እንዲህ ሲፈስ ጨዉም አብሮ ይሄዳል፤ ባዶ ውሃ ሲበዛ ደግሞ ይብሱን ጠራርጎ ይወስደዋል። ጨውና ስኳር የተመጠነበት ውህድ፣ ፍሰቱን የሚያዘገይ ኪኒን… ይኸው ነው። ኬሚስትሪ የማስተምረው እኔ! ሐኪሙ ግን ያ «ጠጪ» ያለኝ ሰውዬ ነበር።

«ኩላሊቶቼ ይመለሱ ይሆን?»
«ይመለሳሉ ብዬ አስባለሁ። እንደ ድሮው ግን ላይሆኑ ይችላሉ።»

ላይሆኑ…

እማዬ «ልብና ኩላሊት የሚመረምር እሱ ብቻ ነው» ትላለች። «እሱ» የኔ ሐኪም እንዳልሆነ ደርሼበታለሁ።

ኅዳር 13
ሸናሁ! እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ደስታችን ሳይበርድ ያ ቀዶ ሐኪም የሕክምና ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣ። እኔን ዘሎ እማዬን፣ «ማዘር፣ ልጅዎ አልታዘዝ ብላ ነው። ጠጪ ብያት ነበር።»
እማዬ አቀረቀረች። «ይቅርታ ዶክተር፣ ልጅ ናት…»
«ጠጥቻለሁ! ባዶ ውሃ ነው ያዘዙኝ። ስለ ሽንቴ ስነግርዎት ‹ቀጣይ› አሉኝ!»
ተማሪዎቹ ጣሪያውን ማጥናት ጀመሩ። እሱ «ኃይለኛ ናት!» ብሎ ሳቀና ወጣ።

«ምናለ ሆድ ይፍጀው ብትይ? ነገ አንጀትሽን መልሶ የሚገጥመው እሱ አይደል?»
«እማዬ፣ የኔ ሆድ እኮ መፍጀት ትቷል፤ የገባውን ሁሉ ያወጣል።»
እንዳትስቅ አፏን ያዘች። አልቻለችም… አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቅን።

ሌላ ቀዶ ሐኪም እንዲመደብልኝ ጠይቄያለሁ። ወረፋው ረጅም ነው አሉ። ይርዘም፤ እጠብቃለሁ። ከእንግዲህ ስለ ሆዴ እናቴን የሚያናግር ሐኪም አልቀበልም። ሳይሰማኝ «አልታዘዝ አለች» የሚለኝንም አልቀበልም። እማዬም ብትሆን፣ በኔ ስም ይቅርታ አትጠይቅም።