በአንድ ቃል ያጣሁት ዋንጫ

ለምትናፍቀኝ አባቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? የእማዬስ ሳል ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ዐይንህ ነው። ታናሽ እህቴ «ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ዐይኔ ምን ሆነና ይለኛል» ብላ ጽፋልኛለች። እስቲ በቼዝ በኩል ልምጣብህ።

የምሠራበት ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠፈሩንም ሰው ጨምሮ የቼዝ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ሳላስበው ለዋንጫ ደረስኩልህ! የገጠሙኝ ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ጥቁሩ ደረሰኝና ያንተን መከላከያ ያዝኩ፤ ነጩ የንጉሡን ወታደር ሲገፋ ፊት ለፊት ከመግጠም በጎን ወታደር የምንመልሰውን። እኛ «የጓሮ በር» የምንለው እዚህ ሲሲሊያን ይባላል፤ መጽሐፍ ሁሉ ተጽፎለታል። ለመሆኑ አንተ ከማን ተማርከው? መከላከያ ይበሉት እንጂ ቀልድ አያውቅም፤ እሳቸው በእኔ ንጉሥ ላይ፣ እኔ በእሳቸው ንጉሥ ላይ እየዘመትን ጨዋታው ማን ይቀድማል ሆነ።

ከዚያ ፈረሴ ዘለለና ንግሥታቸው ተጋለጠች። ሰውዬው አላዩም። አንተን «ጠጠሮቹን ያሸታል» እያልን እንደምንስቅብህ፣ አፍንጫቸውን ሰሌዳው ላይ ደፍተው እጃቸውን ወደ ሌላ ጠጠር ሰደዱ። አፌ አላስችል አለኝና «ንግሥት!» አልኩ። በቤታችን ሳይናገሩ ንግሥት መብላት ሌብነት አይደል? የተነገረውም ሌላ ጠጠር ሳይነካ እሷን ያድናል። ዳኛው ዐይኑን አጉረጠረጠብኝ፤ እሳቸው ንግሥታቸውን አሸሹ፤ ብዙም ሳይቆይ የእኔ ንጉሥ ተያዘ።

ሰዓት ሠሪው በር ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ ዐይኔ መድከሙን በምን ዐወቅሽ? ለባለቤቴ እንኳ አልተነፈስኩም» አሉኝ። ኧረ እኔ አላወቅኩም፣ አባቴ ያወጣው የቤታችን ደንብ ነው ብላቸው «አባትሽስ ደህና አድርገው ያዩ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

አባዬ፣ ደንቡን ያወጣኸው ጨዋነት ልታስተምረን ነው ወይስ ያኔም ዐይንህን ይጋርድህ ነበር? ደብቀኸን ከሆነ አልቀየምህም፤ ማወቅ ግን እፈልጋለሁ። ሰዓት ሠሪው በዚያው ሰሞን ታከሙ። አሁን መንገድ ማዶ ሆነው በስሜ ይጠሩኛል።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ታላቅ ወንድሜን ሰሌዳውን አቧራ እንዳያስበላው ንገርልኝ፤ ስመጣ ከእጄ አያመልጥም። ይህን የምታነብልህን እህቴንም ስሜያታለሁ፤ የመጨረሻዋን መስመር ግን ጮክ ብላ ታንብብልህ። ደንቡ ያንተው ነው፤ ሐኪም ቤት ሳትሄድ ሌላ ጠጠር እንዳትነካ።

አባዬ፣ ንግሥት!

ልጅህ
ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
የካቲት 9 ቀን