እስረኛው በእኔ ቤት

ረቡዕ፣ ኅዳር 3 ቀን 1990 ዓ.ም. ዕድሜዬ 74 ዓመት ከ2 ወር ከ1 ቀን።
ራንድል፣ የስደት ሰፈሬ። በረዶ። ስልኩ ዛሬም አላስነበበኝም፤ የፍርድ ቤት ተቆጣጣሪዋ ናት፣ ዳዊት ቤት መኖሩን ታጣራለች። ይኸው የእህቴ ልጅ ቤልትላይን ሰፈር መጠጥ ቤት ውስጥ የጓደኛውን የሰለሞንን ጥርስ ሰበረ። ዳኛው ወኅኒ በመላክ ፈንታ ቅጣቱን በእኔ ቤት እንዲፈጽም ፈረዱ። ከፉትሂልስ መጋዘን ሥራው በቀር አይወጣም፤ ሰለሞንን ማግኘት ክልክል ነው። ከጣሰ ቀሪውን ወኅኒ ይጨርሳል። በጎ ሕግ፣ እላለሁ። ወገኖቼ ግን እስረኛ ሊጠይቁ ይጎርፋሉ፣ ስንቅ ይዘው። ቤት ውስጥ ላለ እስረኛ ስንቅ! ፍሪጁ አልዘጋ ብሏል።

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ከቀኑ 10 ሰ.
ማስታወሻዬ፣ ጉዴን ስማ። ደወል። አቶ ደምሴ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው። ከኋላቸው ሰለሞን። ሊያስታርቁ! ሽማግሌ ከበረዶ ላይ መመለስ አልሆነልኝም፤ አስገባሁ። ዳዊት ጓዳ ገብቶ ቆለፈ።
«ጋሼ፣ ኖ ኮንታክት ነው እኮ! ጄል ልታስገቡኝ ነው?»
ክልክል መሆኑን አስረዳሁ። አቶ ደምሴ ተቀየሙኝ።
«ዳኛው ቀጣ እንጂ መቼ አስታረቀ? እኛ የቀረውን ልንጨርስ መጣን።»
ሰለሞን የጓዳውን በር አንኳኳ፤ አዲስ ጥርሱ ያበራል።
«ውጣ ባክህ፤ በዚህ ጥርስ አልበላህም።»
ወጣ። ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ሰለሞን አነሣው። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም ልቤ ራሰ፣ ለአፍታ። ዳግመኛ ደወል። ተቆጣጣሪዋ! በሰንበት ትመጣለች ብሎ ማን አሰበ? አቶ ደምሴ ቀድመው ተነሡ፤ ደረታቸውን ነፍተው፣ በጥንቃቄ በተመረጠ እንግሊዝኛ፣ ተበዳዩ ይኸው፣ ታርቀዋል ብለው ሰለሞንን አስተዋወቋት። ስሙን ጽፋ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ጧት
ዳዊት ክልከላውን ጥሷል ተብሎ ሐሙስ ዳኛው ፊት ይቀርባል። እህል አልቀምስም ብሏል። አቶ ደምሴን ለመንኩ፣ ሰለሞንን ያመጣነው እኛ ነን ብለው እንዲጽፉ። ስማቸው ፍርድ ቤት እንዲነሣ አይፈቅዱም። ከታረቁ ምን ያስከስሳል ይሉኛል፣ ደጋግመው። ደክሞኛል።

በዚያው ቀን፣ 11 ሰ.
ሰለሞን ደወለልኝ፤ ለእኔ መደወል አልተከለከለም። አምጥተውኝ ነው የመጣሁት ብሎ ይመሰክራል።
እኔም ለዳኛው ጻፍኩ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ ጓዳ ተቆልፎ ነበር። ቤቴ ለእስር ቤትነት የማይበቃ ከሆነ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው፤ ልጁን ግን እዚሁ ተዉልኝ፣ ከእንግዲህ በሬን ለሽማግሌም አልከፍትም።
አሽጌ ላክሁት።