ከእህቴ ክንድ ላይ ስለጠፋው ጠባሳ

ለተከበሩ አቶ ሳካኪባራ
የሺራናሚ ቪዲዮ ሥራ ድርጅት ዋና አዘጋጅ
ቶኪዮ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዓሣው ገና ሳንሰቅለው በሚደርቅበት በዚህ የነሐሴ ሙቀት እርስዎ፣ ባለካሜራዎችዎ፣ እንዲሁም በመኪናችሁ ውስጥ ለብቻዋ መቀመጫ የተሰጣት ያቺ ትልቅ ማራገቢያ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የኮኡራ ወደብ ሰዎች እርስዎ ትተውን እንደሄዱት ነን፤ ይኸውም ትንሽ የተጨማደድን፣ ትንሽ ዓሣ ዓሣ የምንሸት፣ በአጠቃላይ ግን ደህና።

ስሜ ናዙና ኪታባታኬ ይባላል፤ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ከቤት ወጥታ ሞዴል የሆነችውን የታላቅ እህቴን የቺሃያን ቪዲዮ በቤታችን ሦስት ቀን ሲቀርጹ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ዓሣ ስሰነጥቅ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አነጋግረውኛል፤ ከምስሉ እንድወጣልዎ «ትንሽ ወደ ግራ» ብለውኝ ነበር፤ እኔም ወጣሁ። ከመካከለኛ ትምህርት ቤት በኋላ በትምህርቴ አልገፋሁም፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ስለዚህ እጽፋለሁ። ይህን ደብዳቤ ወደ እርስዎ ከመላኬ በፊት፣ እያንዳንዱ ቤት አንብቦ በፊርማ ፋንታ ማኅተሙን እያደረገ ለጎረቤቱ በሚያስተላልፈው የሰፈራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስላያያዝኩት፣ አሥራ አራቱም ቤቶች ከእርስዎ ቀድመው እንደሚያነቡት በትሕትና አሳውቃለሁ።

በቅድሚያ ምስጋና። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ፎጣና አንዳንድ ሣጥን ጣፋጭ ይዛችሁ፣ ወገባችሁ እስኪታጠፍ እጅ እየነሳችሁ ስለምታደርሱብን ችግር አስቀድማችሁ ይቅርታ ጠይቃችሁናል። ይህ የሚያስመሰግን ሥርዓት ነው። ፎጣ የተቀበለ ሰው ቅሬታ ማቅረብ እንደማይችል እርስዎም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን፤ በመሆኑም መንገዱ ሦስት ቀን ሲዘጋ ዓሣ አጥማጆቻችን ሣጥኖቻቸውን ተሸክመው በመቃብር ስፍራው ዞረው ሲያልፉ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔ ዛሬ ትንፍሽ የምለው ፎጣው የተሰጠው ለእናቴ ስለሆነ ነው፤ እኔ በግሌ የተቀበልኩት ነገር የለም።

አንደኛ፣ ብርሃኑን ይመለከታል። ቤታችን የተሠራው ከዘጠና ዓመት በፊት ሲሆን በውስጡ ካለው ነገር ሁሉ የሚበዛው ጥላ ነው። እርስዎ በወረቀት በሮቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥረው፣ ከውጭ አራት መብራት ደቅነው፣ ጥላውን ከየጥጉ ለቃቅመው አወጡት። በቪዲዮው ውስጥ እህቴ ማለዳ ትነሳለች፣ ቀን ትቀመጣለች፣ ማታ በረንዳ ላይ ሰማይ ታያለች፤ በሦስቱም ጊዜ ያለው ብርሃን ግን የጥርስ ሐኪም ክፍል ብርሃን ነው። ለዓይናችን በማሰብዎ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ነፋሱ። በሩም መስኮቱም በተዘጋበት ክፍል ውስጥ የእህቴ ፀጉር ወደ ምሥራቅ ሲበር፣ አጠገቧ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጋዜጣ ንቅንቅ አይልም። በኮኡራ ስለ ነፋስ የማያውቅ ሰው የለም፤ እንዲህ ያለውን መርጦ የሚነፍስ ነፋስ ግን ያየነው በእርስዎ ቸርነት ነው።

ሦስተኛ፣ ሐብሐቡ። እህቴ ሐብሐብ የምትበላው በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ፍሬውን አጥሩ ድረስ እየተፋች ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እስካሁን ያሸነፋት የለም። የእርስዎ ረዳቶች ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ፍሬውን አንድ በአንድ በወረንጦ ለቀሙት። ከዚያ ያንን አንድ ቁራሽ ምስሉን አዝግመው ሁለት ደቂቃ ተኩል አስበሏት፤ ዛፎቹ ላይ የሚንጫጩትን በራሪ ነፍሳት ድምፅና የራሷን ሳቅ አጥፍተው ፒያኖ አስገቡበት። ያንን ሳቅ ያጠፉት ምናልባት ስለሚጮህ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይጮሃል፤ እስከ ወደቡ ይሰማል።

አራተኛ፣ የታላቅ አክስታችን የኪኩኤ ፕለሞች። ከእህቴ ጀርባ በቀርከሃ ሰፌድ ላይ የተሰጡት በጨው ተዘፍዝፈው በፀሐይ የተጨማደዱ ፕለም የሚባሉ ፍሬዎች እንደሆኑ ለማወቅ ዕድል አላገኙም ይሆናል። ቆዳ የሚያለሰልሰው መሣሪያዎ የሰውንና የፕለምን ቆዳ መለየት ስላልቻለ፣ በቪዲዮው ላይ እንደ ብርጭቆ ጠጠር ድቡልቡል ብለው ያብለጨልጫሉ። አክስት ኪኩኤ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «እነዚህ የእኔ አይደሉም። የእኔዎቹ እንደኔ ናቸው» አሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የዋና ልብሱ ክፍል ሲደርስ እናቴ በፍጥነት ስላሳለፈችው በዚያ ክፍል ላይ አስተያየት የለኝም፤ ባሕሩ ግን የእኛ አለመሆኑን አይቻለሁ። የእኛ ባሕር እንዲህ ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ለመሳቅ ያህል ነው፤ ቢቀርም ይቀራል። አምስተኛው ግን አይቀርም።

እህቴ በግራ ክንዷ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጠባሳ አላት። እኔ የአምስት ዓመት፣ እሷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለን፣ ሱቃችን በር ላይ ለደንበኛ ቅምሻ ዓሣ በምንጠብስበት የከሰል ምድጃ ላይ እጄን ልሰድ ስል ክንዷን በመሀል አስገባች። የፍርግርጉ ብረት እዚያው ምልክቱን ተወ። እጄ ደህና ነው፤ ይህን የምጽፍልዎ በእሱ ነው። በቪዲዮው ውስጥ ግን ክንዷ ላይ ምንም የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደቂቃ እያንዳንዱን ምስል እየለቀሙ አጥፍተውታል።

ይህም ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ ዝም ማለት እችልበታለሁ። ሆኖም ባለፈው ሳምንት ለእህቴ የላኩትን ደብዳቤ እሷ በስልክ አነበበችልኝ። በደብዳቤዎ ላይ፣ ከዲስኩ ሽፋን ጋር ተያይዘው ወጥተው፣ ተሞልተው ከተመለሱት የአስተያየት ካርዶች መካከል አሥራ አራቱ ከኮኡራ እንደመጡ፣ አሥራ አራቱም «የቆዳ ጥራት» በሚለው መስመር ላይ «እጅግ ረክቻለሁ» የሚለውን እንደመረጡ በደስታ ገልጸዋል። ከዚያም ጠባሳውን ከየምስሉ መልቀም ብዙ ቀን ስለሚፈጅ፣ የገዛ አገሯ ሰዎች ሳይቀሩ የወደዱት መልኳም ይህ በመሆኑ፣ ከመስከረሙ ቀረጻ በፊት በሐኪም ብታስጠፋው እንደሚሻል ጠቅሰው፣ ለፊታችን ማክሰኞ ቀጠሮ እንደያዙላት አሳውቀዋል።

እህቴ አንብባ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ «ናዙ፣ ሌላ ሰው ቢለው ግድ አልነበረኝም። የሰፈሬ ሰው ነው እኮ። አሥራ አራቱም ቤት። ለካ እስከ ዛሬ ሲያዩት ደስ አይላቸውም ነበር።»

እኔም ስልኩን ይዤ ምንም አላልኩም። መናገር አይሆንልኝም ብዬዎት የለ።

ክቡር ሆይ፣ እነዚያ ካርዶች እንዴት እንደተሞሉ እኔ አውቃለሁ። የኪታባታኬ ልጅ ቪዲዮ ወጣ ሲባል ጎረቤት ሆኖ አለመግዛት ነውር ነውና እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ዲስክ ገዛ። ከሽፋኑ ጋር የተያያዘውን ካርድ ሳይመልሱ ማስቀረትም ነውር ነው። የሰፈራችን ሊቀመንበር አቶ ኦኖዴራ ማንም እንዳይሳሳት በማሰብ፣ ሁሉም መስመር ላይ «እጅግ ረክቻለሁ» የተመረጠበት አንድ ካርድ ለናሙና ሞልተው፣ «እንዲህ ቢሆን ለቤተሰቡ ደስታ ነው» ብለው በዚሁ ሰሌዳ ላይ አዞሩት። እኛ ሰው ቤት ተጋብዘን ሾርባው ቢቀዘቅዝም «ትኩስ ነው» የምንል ሰዎች ነን። ስለ ቆዳ ጥራት የተጠየቅን አልመሰለንም፤ ጥያቄውንም ያነበበው ሰው አልነበረም።

ከአሥራ አራቱ ካርዶች ዘጠኙን የሞላሁት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ስለሚባል ዓይናቸው የደከመ ጎረቤቶች እኔ ዘንድ አመጧቸው፤ የእናቴንም ጨምሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በዓሣዎቹ መካከል፣ ዘጠኝ ጊዜ «የቆዳ ጥራት፦ እጅግ ረክቻለሁ» ብዬ ምልክት አደረግሁ። በዚያ ክንድ የዳነ እጅ ነው ያደረገው። አላሰብኩትም። ለዚህ ከእርስዎ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅርታ የምጠይቃትን አውቃታለሁ።

በመሆኑም በከፍተኛ አክብሮት የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከማክሰኞ በፊት ለእህቴ ሁለት መስመር ጽፈው፣ የኮኡራ ካርዶች የጨዋነት እንጂ የአስተያየት ካርዶች እንዳልነበሩ፣ በእነሱ ምክንያትም ምንም ነገር እንደማይጠይቋት ይንገሯት። ክንዱ የእሷ ነው። እሷ ራሷ ማስጠፋት ከፈለገች ሐኪም ቤት ድረስ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ተራ እስኪደርሰን ቦርሳዋን እይዛለሁ። ነገር ግን በእኔ የእጅ ጽሑፍ ምክንያት እንዳይሆን።

ጎረቤቶቼንም በትሕትና እጠይቃለሁ። ዲስኩን ያያችሁ እንዳያችሁ፣ ያላያችሁ እንዳላያችሁ ከዚህ በታች ጻፉና ማኅተማችሁን አድርጉ። ይህን ማድረግ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ጥፋቱ በእኔ ይሁን።

የዓለምን መጨማደድ ሁሉ ለማስተካከል ሌት ተቀን ለሚደክሙት ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ፣ መብራታችሁ እንዳይቃጠል፣ ማራገቢያችሁም መቀመጫዋ እንዳይጎድልባት እየተመኘሁ፣ አንገቴን ደፍቼ እሰናበታለሁ።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ እንደታዘዘችው ትንሽ ወደ ግራ ብላ የቆመችው፣
አክባሪዎ ናዙና ኪታባታኬ
የኪታባታኬ የደረቀ ዓሣ ሱቅ፣ ኮኡራ ወደብ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሰሌዳው አራት ቀን ዞሮ ዛሬ ተመለሰ። አቶ ኦኖዴራ መጀመሪያ ሱቁ ድረስ መጥተው፣ ፎጣቸውን ተቀብለን እንዴት እንዲህ ይባላል ብለው ነበር፤ አክስት ኪኩኤ ደግሞ በፎጣው ወለል እየወለወሉበት መሆኑን፣ ድርጅቱ ከፈለገው ግን አጥበው እንደሚልኩት ነገሯቸው። አሥራ አንድ ቤቶች ዲስኩን ከፕላስቲኩ እንዳላወጡት ጽፈው አትመዋል፤ ከእነዚህ አንዱ ማጫወቻ የሌላቸው አቶ ኦኖዴራ ናቸው። ሁለት ቤቶች እስከ ሐብሐቡ ድረስ አይተው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ገልጸዋል። አሥራ አራተኛው የእኛ ቤት ነው። ሶባ የተባለውን የፓስታ ሾርባ የሚሸጠው ምግብ ቤት ባለቤት ከማኅተማቸው አጠገብ «ያቺን ልጅ ከሩቅ የምለያት እጇን ስታውለበልብ በጠባሳው ነው» ብለው ጨምረዋል፤ እንዲጽፉ የጠየቃቸው አልነበረም።

ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ሳስገባ እህቴ ሳትነግረን በከሰዓቱ ባቡር መጣች። ሱቁ በር ላይ እንደቆመች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ከአናቱ እስከ ማኅተሞቹ አነበበችው። ሐብሐቡ ጋ ስትደርስ ሳቀች፤ ወደቡ ላይ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። ካርዶቹ ጋ ስትደርስ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበች። እኔም ቢላዬን አስቀምጬ ወደ መሬት እያየሁ፣ «ዘጠኙን እኔ ነኝ። አላነበብኩትም ነበር» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ፣» አለችኝ፤ «በአፍሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ሦስት ቃል ነበር።» ከዚያ እዚያው ቆማ ሐኪም ቤቱ ደውላ ቀጠሮውን ሰረዘች፤ ከቦርሳዋም የራሷን ማኅተም አውጥታ ከአሥራ አራቱ በታች አተመች።

ስለዚህ ከላይ ልመና ብዬ የጻፍኩትን ማስታወቂያ ብለው እንዲያነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ እንደገና ለመገልበጥ ወረቀት አልተረፈኝም። በመስከረም ሲቀርጹ በእህቴ ግራ ክንድ ላይ አንድ መስመር ከታየዎ ሌንስዎ ቆሽሾ አይደለም። እባክዎ አይወልውሉት።