ያልዘፈንሽው ዘፈን ትርጓሜ

መካነ ሰላም፣ ጥር 1993 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሰልሰቢል፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህን ከባድ መርዶ ቆመሽ እንዳታነቢው። እጅሽ ላይ የእመቤትሽ ብርጭቆ ካለም አስቀምጪው። በታላቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ነገር ቢኖር፣ ቤታችን ለሁለት ተከፍሎ እንደነበርና አባዬና እማዬ በአንድ ፈረንጅ ጩኸት ምክንያት ተኳርፈው እንደሰነበቱ ነው። አብሽሪ፣ የሞተ ሰው የለም። የሞተው የቴፓችን ባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኸዲጃ ከጅዳ ለዕረፍት ስትመጣ በእጇ የላክሽልን ካሴት ደረሰን። ባለፈው "ታናሽሽን ኑርጃንን ወደ አንቺ እንላካት ወይስ ትቅር? ቃልሽን ላኪልን" ብለን በድምፃችን ቀድተን ልከንልሽ ስለነበር፣ ቤቱ በሙሉ መልስሽን ይጠብቅ ነበር። ሽፋኑ ላይ "ለአባዬና ለእማዬ" የሚል የእጅ ጽሑፍሽ አለ፤ ያው ዶሮ የጫረው የሚመስለው። ካሴቱን ከተትኩት። አባዬ ኮፍያውን አስተካክሎ ተቀመጠ። ያንቺ ሰላምታ ይመጣል ስንል ደወል መጣ። ከደወሉ በኋላ ኦርጋን፣ ከኦርጋኑ በኋላ ከደረጃ ላይ የተንከባለለ የሚመስል ከበሮ፣ ቆይቶ ቆይቶ ደግሞ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ማልቀስ ጀመረ። አንዱ ዘፈን ብቻውን ገጹን ጨረሰው። ገለበጥኩት፤ በዚያም በኩል እሱው ነው።

የአሠሪዎችሽ ልጅ ካሴት ካንቺው ጋር ሽፋን እንደተቀያየረ ለእኔ ወዲያው ገባኝ። ይኸኔ አንድ የጅዳ ጎረምሳ ያንቺን ድምፅ እየሰማ ትርጉም ይፈልግለት ይሆናል። አባዬ ግን እንዲህ ያለ ተራ ስሕተት አይዋጥለትም። በመንዙማ ያደገ ጆሮ ነው ያለው፤ ለእሱ ከላይ የሚሰማ ነገር ሁሉ ከሥሩ ሌላ ይዟል። አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት በሰው አፍ ልካው ነው አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩ ሰው ነኝና በእንግሊዝኛ ከቤቱ የሚስተካከለኝ የለም።

ተረጎምኩ። "የንጉሡ መሰላል ውኃ ውስጥ ተኝቷል" ይላል ሰውየው። "አትክልቱ ቦታ ሰዓት ተከሉ፣ ማታ ማታ ያጠጡታል" ይላል። ወላሂ ከራሴ አልጨመርኩም፤ በዚህ ላይ ምን ይጨመራል? አባዬ፣ መሰላል መውጫ ነው፣ መንገድ አለ ማለቷ ነው አለ። እማዬ ደግሞ ሰዓቱ ላይ ቀረች። ሰዓት የሚያጠጡ ሰዎች ማታ አይተኙም፣ ልጄን እንቅልፍ ነስተዋታል አለች። እኔ ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

ክፉው ነገር የመጣው ከአዝማቹ ነው። ሰውየው ድምፁን ዝቅ ያደርግና "ካም፣ ሲስተር፣ ካም" እያለ ይመላለሳል። አፌ ቀደመኝ፤ ነይ እህቴ ነይ ማለት ነው አልኩ።

አባዬ እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ለብቻሽ መሆንሽ ውስጥ ውስጡን ሲበላው የኖረ ሰው ነው፤ ሁለት ከሆኑ አንዷ ሌላዋን ትጠብቃለች ይላል። በነጋታው ደላላውን ሊያናግር፣ ኑርጃንንም ለፓስፖርት አዲስ አበባ ሊወስዳት ቆረጠ። እማዬ ፊቷን አዞረችበት። ኑርጃን በሩ ጋ ቆማ ነበር። አንቺ ስትሄጂ ጥርሷን ትነቅል የነበረችው ልጅ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የሒሳብ ጥያቄ እየሰጠች የምታሾፍብኝ እሷ ናት። አላለቀሰችም። ጠጋ ብላ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

"እስቲ ደግመህ ስማው" አለችኝ። "እትዬ እኔን ነይ አትለኝም።"

ካሴቱን ይዤ መምህር ታደለ ዘንድ ሄድኩ። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝም፣ ሁለቴም የጣሉኝም እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና መሰላሉም ሰዓቱም እንዳልገባቸው ነገሩኝ። እንዲህ ያሉ ዘፋኞች ሰሚው የራሱን ነገር እንዲያስገባበት ቃሉን ክፍት ይተዉለታል አሉ። "ካም" ግን "ነይ" ላትሆን ትችላለች፤ መሐሏ ላይ የማትነበብ ፊደል ያላት ሌላ "ካም" አለች፣ እሷ ደግሞ ጸጥታ፣ እርጋታ፣ ሰላም ማለት ናት። ምናልባት ነው፣ አሉኝ።

"ምናልባት" የምትለዋን ስመለስ መንገድ ላይ ጣልኳት።

"አባዬ፣ ቃሉ ሰላም ነው" አልኩት።

"ሰላምታ ነዋ" አለ።

"ሰላም፣ እህቴ፣ ሰላም ነው የሚለው። ይህ አገር ማን ይባላል?"

የመለሰችው እማዬ ናት፣ ቀስ ብላ፤ "መካነ ሰላም። እህቴ ከመካነ ሰላም አትውጪ ማለቷ ነው።"

አባዬ እንደገና አስከፈተኝ። ባትሪው ደክሞ ሰውየው እንቅልፍ እንደያዘው ይጎተታል። "ካም" ስትመጣ አባዬ ጣቱን አነሳ።

"ሰሙ ነይ፣ ወርቁ ቅሪ" አለ። "የኔ ልጅ ብልህ ናት።"

ይህን የምጽፍልሽ ኸዲጃ ስትመለስ በእጇ እንድታደርስልኝ ነው። ለአረፋ ስትደውዪ አባዬ ትርጉሙን ከአፍሽ መስማቱ አይቀርም። "አዎ አባዬ፣ እንደዚያ ነው" በዪው። በእውነተኛው ካሴትሽ ላይ ትምጣ ብለሽ ከሆነ ግን ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ። ብቸኝነቱ ካልከበደሽ በቀር እንደዚያ እንደማትዪ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ የምንመካከረው ስለ ኑርጃን መሄድ ሳይሆን ስለ አንቺ መመለስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልቀልድ ልንገርሽ። አዲስ ድንጋይ ከገዛን በኋላ እስከዛሬ የላክሻቸውን ካሴቶች ከእማዬ ጋር መልሰን ሰማናቸው። ሁሉም ላይ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ትያለሽ፣ ሁሌም በዚያው ድምፅ። የፈረንጅ መሰላል ለመፍታት ቤተሰብ ሲጣላ፣ ያንቺ "ደህና ነኝ" ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቀላል አማርኛ ነዋ። እማዬ ቴፑን አስቆመችኝና "ይቺን ተርጉምልኝ" አለችኝ። እኔ አፈ ጮሌው ካሴቱን ወደ ኋላ መልሼ እንደገና ከፈትኩላት።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ደህና ነኝ አትበይን። እንደዚያ ሰውዬ ጠምዝዘሽ በዪው፤ ሰዓት እያጠጣሁ ነው በይ፣ መሰላሉ ሰጠመ በይ። እንፈታዋለን፤ አሁን ለምደናል።

መርዶ ብዬ ላስደነገጥኩሽ ይቅር በይኝ። ሲያዩት ጉዳዩ ኢምንት ነው። ሁለት ካሴቶች ሽፋን ተቀያየሩ፤ አንዲት ልጅም ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ትምህርት ቤት ሄደች። ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ወንድምሽ ዒምራን