እንግሊዟና ቀኝ ጉልበቴ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1። ጠዋት 1፡30

ትሪውን ከሞተር ብስክሌቴ ሥር አውጥቼ ጠረግኩ። ዘይት አንጠባጥባለች፣ እንደ ልማዷ። ማንጠባጠብ ያቆመች ዕለት ነው የምደነግጠው። የቤንዚን ሰልባትዮዋን ወለወልኩ። በጎንና ጎኑ ጉልበቴ የሚያርፍባቸው ላስቲኮች ተሰነጣጥቀዋል። እንግሊዟ እንደኔው አርጅታለች፤ ግን ከኔ ታምራለች።

ማስታወሻዬ፣ ሞተሯን ዛሬም አላስነሳኋትም። ወር ሊሞላት ነው። ቀኝ ጉልበቴ ማስነሻ ፔዳሏን መርገጥ አልቻለም። ዶ/ሩ ቁርጡን ነግሮኛል፤ መንዳት ይቻላል፣ መርገጥ ግን በፍጹም።

ለባለቤቴ ለአስካለ ከደረጃ ወደቅኩ ብያታለሁ። እውነቱን ላንተ ብቻ። መሪው ላይ በግራ በኩል ትንሽ ማንሻ አለች፣ የካንዴላውን እሳት የምታዘገይ። ከመርገጥ በፊት እሷን መመለስ ግዴታ ነው። ረሳሁ። እሳቱ ቀደመና ፔዳሉን መልሶ ጉልበቴ ላይ አመጣብኝ። ሃምሳ ዓመት የማውቃትን! ሞተሯን «ጣውንቴ» ለምትል ሚስት ይህ እንዴት ይነገራል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከሰዓት 10 ሰ.

ኤርሚያስ የሚባል ሰው መጣ። መገናኛ አጠገብ ምግብ ቤት ሊከፍት ነው። ስለ ሞተሯ ከሰፈር ሰው ሰምቶ። ጨዋ ነው። ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ፎቶ አነሳት።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይቺ እኮ ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል ናት!»

ደስ አለኝ። ገዝቶ የት ሊነዳት እንዳሰበ ጠየቅኩት። ሊነዳት አይደለም። ግድግዳ ላይ ሊሰቅላት ነው። ከመብራት ጋር።

ደሜ ፈላ። ሻይ አቀረብኩለት።

ግን ምን ልበለው? ቁልቁል ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል፤ የካ ቁልቁለት አያጣም። እንጦጦ ዳገት ላይ ብትጠፋብኝስ? ማን ይገፋኛል? አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት። አስካለ ከኩሽናው መስኮት ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወጧን ማማሰሏን ቀጠለች። ያቺ የሸጥካት ቀን ድግስ እደግሳለሁ የምትለው ሴት!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ረፋድ 5 ሰ.

ኤርሚያስ መካኒክ ይዞ ተመለሰ። መካኒኩ አንድ ብሎን ሊፈታ ታገለ። አንዱ መፍቻ ይላላል፣ ቀጥሎ ያለው አይገባም። እንግሊዟ ሚሊሜትር አታውቅም። የአሜሪካኑ ኢንችም አይሆናትም። የራሷ ልክ ነው ያላት። የቆዳ ጥቅሌን ፈታሁለት። የሙያ ት/ቤት አስተማሪዬ የነበረው እንግሊዛዊ አገሩ ሲገባ ከሞተሯ ጋር የተወልኝ መፍቻዎች። አንድም አልጎደለ። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔም ትንሽ ተኮፈስኩ።

ከዚያ ልሞክራት አለ። ኤርሚያስ ቁልቁል ገፋለት። ተነሳች። ያ ድምፅ! ዱብ ዱብ ዱብ። እንባዬ መጣ፣ አልደብቅህም።

ደቂቃ አልቆየም። ሰውየው ሊያቆማት በቀኝ እግሩ ረገጠ። እንደ ዛሬዎቹ ሞተሮች ፍሬን መስሎታል። የሷ ፍሬን በግራ ነው። በቀኝ ያለው ማርሽ ነው፤ ወደ ታች ሲረግጡት ይጨምራል። ፍሬን ያዝኩ ብሎ ማርሽ ጨመረላት! የጎረቤቴን የባሕር ዛፍ አጥር ይዞ ገባ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዜር ይመስገን። የሷም የእግር ማሳረፊያዋ ብቻ ጎበጠ።

ቀድሜ መንገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያ ግድግዳ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ነውር ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ። ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅኩት። ኤርሚያስ ግን ሐሳቡን አልቀየረም። ግድግዳ ላይ ማርሽ አያስፈልጋትም አለ። እሑድ ቁርጡን እነግርሃለሁ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ጠዋት

የጎበጠውን አቀናሁ። ልቤ ግን አልቀና አለ።

አስካለን መጀመሪያ እንጦጦ ያወጣኋት በሷ ነው። ነጠላዋ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ወገቧ ላይ አስራ። እንጨት የተሸከሙት ሴቶች ቆመው ሳቁብን። እሷም እየሳቀች ጀርባዬን ቆነጠጠችኝ። የመጀመሪያዋን ልጃችንን ስታረግዝ ወረደች፤ ዳግም አልወጣችም። ሞተሯ ጣውንት የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ወሰንኩ። ትሂድ። እዚህ ቆማ ከምትዝግ ሰው ይያት። ለአስካለ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እሺ አለች። እሺ ብቻ!

እሑድ፣ ጥቅምት 9። 4 ሰ.

ቸኩዬ ነው የምጽፈው።

ከቤ/ክ መልስ ለኤርሚያስ ልደውል ስልኬን አነሳሁ። አስካለ ከእጄ ወሰደችው። የልጃችንን ስፖርት ጫማ አድርጋለች። ግቢ ወጣች። ተከተልኳት።

ቤንዚኑን ከፈተች። ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ጉጥ ቤንዚን ጣቷን እስኪያርሰው ድረስ ተጫነች። ፔዳሉን እስኪጠጥር በቀስታ ገፋች፣ ትንሽ አሳለፈችው። ማን አስተማራት? ማንም። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚያ መስኮት ስታየኝ ኖራለች። ልትረግጥ ነው ስል ቆመች። ዞር ብላ አየችኝ። በግራ እጇ ትንሿን ማንሻ መለሰች።

«ይቺን ነው የረሳኸው» አለችኝ። «ከደረጃ ወደቅኩ ይለኛል እንዴ! ቤታችን የቱ ጋ ነው ደረጃ ያለው?»

የምገባበት ጠፋኝ።

ረገጠች። አልተነሳችም። ደገመች። አሁንም የለም። በሦስተኛው ዱብ ዱብ ዱብ። አስካለ እንደ ልጅ ጮኸች። በ63 ዓመቷ!

ደወልኩ። አትሸጥም አልኩት። ኤርሚያስ ድምፁን በስልኩ ሰምቶ ሳቀ። ይቺማ ግድግዳ ላይ አትቀመጥም አለ። ምግብ ቤቱ ሲከፈት ነድተናት እንድንመጣ ጋበዘን።

ከዛሬ ጀምሮ ማስነሳት የአስካለ፣ መንዳት የኔ። ተስማምተናል። ዳገት ላይ ብትጠፋብኝም ከኋላዬ ሰው አለ። አሁን እንጦጦ ልንወጣ ነው። ላንተ ይህችን ልጽፍ ነው የገባሁት፤ አስካለ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ክላክስ እየነፋች ነው። በቃ፣ ልሂድ። ሚስቴና ጣውንቷ ደጅ ላይ እየጠበቁኝ ነው።