በሰብሳቢያችን ሆድ ልክ ስለተሰፋው ጥይት መከላከያ

ለክቡር አቶ እሱባለው፣
የሰርቦ መንገድ ቡና መጋዘኖች የጋራ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ከተቀመጡበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔም ቡናዬም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን፤ የመጋዘኔ ዘበኛ ቲጃኒ ግን ቀኝ ክንዱ ከወገቡ በላይ አልነሳ ስላለው፣ እንደ ድሮው ሰላምታ ሊሰጥዎ እንደማይችል በእሱ ስም በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ኮሚቴዎ ቲጃኒን «የተሰጠውን መከላከያ በቸልተኝነት ዝቅ አድርጎ በመልበስ ራሱን ለጥይት ዳርጓል» በማለት ከሥራ እንዲሰናበትና ለሕክምናውም ድጋፍ እንዳይደረግለት ወስኖ፣ ውሳኔውን በመጋዘኖቻችን በር ላይ ለጥፏል። የፊታችን ቅዳሜ ጠቅላላ ጉባኤው እንዲያጸድቀውም ተጠርተናል። እንዲህ ያለ ጥበብ በር ላይ ተለጥፎ ዝናብ ሲመታው ማየት ስላሳዘነኝ፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። የቡና ሌቦች መሣሪያ ይዘው መምጣት ሲጀምሩ ለዘበኞቻችን ጥይት መከላከያ ሰደርያና የትጥቅ ቀበቶ እንዲገዛ ሁላችንም ተስማምተን፣ እርስዎና እኔ አዲስ አበባ ድረስ ተልከን ነበር። ሻጩ፣ ሰው ሁሉ ደረቱ ውስጥ ልብ አለው ብሎ የሚያምን የዋህ ስለነበር፣ ከፊት የሚገባው ብረት የላይኛው ጠርዙ ከጉሮሮ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ጋር እኩል መዋል እንዳለበት፣ ከዚያ ዝቅ ካለ ልብና ሳንባ ሜዳ ላይ እንደሚቀሩ፣ ልኩም ለየሰዉ ቁመት በትከሻው ማጣበቂያ እንደሚስተካከል በትዕግሥት አስረዳ። እርስዎ ግን የጥበቃ ሰብሳቢ ሥራው መቀመጥ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ቆመው ሳይሆን ወንበር ላይ ተደላድለው ለኩት። ብረቱ በሆድዎ ተገፍቶ አገጭዎን ሲነካው «ይሄ ነገር ሰው ያንቃል፣ ዝቅ አድርጉት» አሉ፤ ዝቅ ተደረገ። ሻጩ «ጌታዬ፣ ሲቆሙ እኮ ሆድዎ ላይ ይወርዳል» ቢል «ሆድስ አይመታም?» ብለው ዝም አሰኙት። እኔ አፌን ስከፍት ደግሞ «እመቤት፣ የእሸት ቡና ነገር ሲመጣ እንጠይቅሻለን» ያሉኝን አልረሳሁም፤ እስካሁን ጥያቄዎን በመጠባበቅ ላይ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀበቶው። ሻጩ ቀበቶው ዳሌ አጥንት ላይ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ እንዳለበት፣ ዘበኛው ሲሮጥ መዞር እንደሌለበትና እጅ ሳያዩ የሚደርስበት መሆን እንዳለበት ተናግሮ ነበር። የእርስዎ ቀበቶ ከሆድዎ ሥር ተደብቆ ስለሚውል እጅዎ ቀርቶ ዓይንዎም አይደርስበትም፤ ሆኖም ከጥይት ካዝና ኪሶቹ አንዱ ለቆሎ፣ አንዱ ለስልክ ቻርጀር፣ አንዱ ለስቴኪኒ መዋሉን አገር ያውቃል። እንዲህ ታጥቀው ለቅሶ ቤት በገቡ ጊዜ፣ በስኳር በሽታ የሞተውን ሰው ወንድሞች «ለካ ገዳይ አለው» አሰኝተው ለበቀል ከድንኳኑ ሊያስነሡ ደርሰው ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ስፌቱ፤ እዚህ ላይ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ። እኛ ንብረት ጠባቂ ሕዝብ ነን፤ የቢሮ እስክሪብቶ በሲባጎ እናስራለን፣ የውኃ መጠጫ ጣሳ ከበርሜሉ ጋር በሰንሰለት እንቆልፋለን። ዘበኛን ከጥይት የሚጠብቅ ዕቃን ከዘበኛው ለመጠበቅ ያሰበ ግን ከእርስዎ በፊት አልነበረም። «ዘበኞች ማጣበቂያውን እየላቀቁ እየለጠፉ ያበላሹታል» ብለው፣ የሁሉንም ሰደርያ የትከሻ ማንጠልጠያ በራስዎ ልክ፣ ያውም ተቀምጠው በተለኩት ልክ፣ ገበያ ዳር በሚሰፋው በሸኩር መኪና በድርብ ክር አሰፉት። ቲጃኒን ያውቁታል፤ ጎኑ የሚቆጠር ቀጭን ሰው ነው። የእርስዎን ልክ ቢለብስ ብረቱ ከደረቱ ወርዶ እምብርቱ ላይ አረፈ። እኔው ፊት «ማሎ ጋሼ፣ ይሄ የሚጠብቀው የበላሁትን ሽሮ ነው፤ ክሩን ልፍታውና ከፍ ላድርገው?» ብሎ ለመነዎ። «አንዲት ክር ብትበጥስ እንጀራህን በጠስክ» አሉት። ባለቤቱ ዘይቡና ልጆቹ የሚበሉት ያንኑ እንጀራ ስለሆነ ክሩን አልነካም። ታዛዥነት ይህን ያህል ነው፤ ዛሬ ስሙ ቸልተኝነት ሆኗል።

አራተኛ፣ ስለ ሐዘኔታዎ። ጎህ ሲቀድ ሌቦቹ የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹን ሲገለብጡ ቲጃኒ ብቻውን ወጣባቸው። ጥይቱ ከአንገት አጥንቱ ሥር፣ ከብረቱ ጠርዝ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ገባ። እርስዎም ሐኪም ቤት መጥተው፣ ዘይቡ ተነሥታ ወንበር ሳትለቅልዎ በፊት፣ ጥግ ላይ የተጣለውን ሰደርያ አንሥተው ብረቱን በጣትዎ አንኳኩና «ተመስገን፣ ምንም አልሆነም» አሉ። በሽተኛው ስለ እሱ የተናገሩ መስሎት «አሚን» አለ።

አምስተኛ ልል ነበር፤ እየቆጠርኩ ስሄድ ምስጋናዬ ቁጣ እየመሰለ ስላስቸገረኝ ቁጥሩን ትቼ ልመናዬን ላቅርብ። ቅዳሜ ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት የቲጃኒን ስንብት ይሻሩ፣ ሕክምናውን ኮሚቴው ይሸከም፣ የቀሩት ዘበኞች ስፌትም ይፈታ። የእኔን ልመና ዝቅ አድርገው የሚመለከቱት ከሆነም አልቀየምም፤ ነገርን ሁሉ ከቦታው ዝቅ ማድረግ ልማድዎ ነው።

ወንበርዎ አይጉደል፣ ቆሎዎ አይለቅ፣ አገጭዎን ብረት አይንካው እያልኩ፣ በፊትዎ ለመቆም የተፈቀደልኝ ያህል ቆሜ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ናዝራዊት ኤልያስ
ቡና ነጋዴ፣ ጅማ

ሳይረሳ፦ ትናንት ዘበኞቹ ሁሉ ግቢዬ በተሰበሰቡበት፣ ዘይቡ ጥይት የበሳውን ሸሚዝ ለባሏ አለበሰችው፤ ከላይ ያንኑ ሰደርያ ደረበችለት። ቀዳዳው ከብረቱ በላይ አፍጥጦ ታየ። ሸኩር በምላጭ ድርብ ክሩን በጠሰ፣ ማንጠልጠያውን አሳጠረ፣ ለጠፈ፤ ብረቱ ወጣና ቀዳዳውን ከደነው። ሸኩር ምላጩን ኪሱ ከትቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ቅዳሜ ይህንኑ በጉባኤው ፊት እንደግመዋለን፤ እርስዎ እንደተለመደው መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ። የእርስዎን ሰደርያ ግን ማንም እንዳይነካው አደራ ብያለሁ። እርስዎ ላይ ብረቱ ሆድዎ ላይ ቢያርፍም ከቦታው አልወረደም፤ የሚጠበቅ ነገር ያለው እዚያው ነው።