ከኬላው በፊት የተቀቀለው ሥጋ

ውድ ማ ኦናሌና፣

ዓይንዎ ደክሞ የጭነት መኪና መንዳት ከተዉ ወዲህ ራኮፕስ ከልጅዎ ጋር እንደሚኖሩ ሰማሁ። ደብዳቤውን እሷ ታንብብልዎ። የሠራሁትን ብትሰማም ግድ የለኝም።

ከስድስት ዓመት በፊት በእርስዎ መኪና ስንቅ ጭነን ስለወረድንበት ቀን በማስታወሻ ደብተሬ የጻፍኩት ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «ጎህ ሲቀድ ከማውን ተነሣን። ስንቁ በሰዓቱ ደረሰ።» ነጋዴ የሚያሳፍረውን አይመዘግብም። የቀረው ይኸው።

ዘጠኝ ዓመት ለሰሜን ካምፖች ስንቅ ሳመላልስ የከብት በሽታ መከላከያውን አጥርና ኬላውን አቋርጬ አላውቅም ነበር። ወደ ካላሃሪ ስወርድ ያ የመጀመሪያዬ ነው። በማግስቱ የሳፋሪ እንግዶች ይገባሉ፤ ስንቁ ከጎደለ ሌላ ነጋዴ እንደሚፈልግ የካምፑ ኃላፊ ነግሮኛል። ሱቄም ያለዚያ ሥራ መዘጋቷ ነበር። እኔ ደግሞ ሩብ በሬ ጥሬ ሥጋ ጭኛለሁ።

ኬላው ሲቀርብ እርስዎ የጭነቱን ሸራ ገለጥ አድርገው አዩና ሳቁ።

«ራ ታፖሎጎ፣ ይህን ለኬላ ጠባቂዎቹ ምሳ ነው ያመጣኸው?»

«ንጹሕ ሥጋ ነው፤ ትናንት ማታ የታረደ።»

«ስለ በሬው ጠባይ አልጠየቅኩህም። የጎሽ በሽታ ወደ ደቡብ ከብቶች እንዳይሻገር ጥሬ ሥጋ አያልፍም። የበሰለ ያልፋል።»

«ዱቄቱ ሥር ብንደብቀውስ?»

«የኬላው ጠባቂ ራ ሞሎኪ ሃያ ዓመት ጭነቴን ፈትሾ አያውቅም። ይጠይቀኛል፣ እመልስለታለሁ። በቃ።»

ከግራር ሥር አቆሙ። ለካምፑ የጫንነውን ግዙፍ ባለ ሦስት እግር ድስት አወረዱ፣ እንጨት አስለቀሙኝ፣ ሥጋውን በውሃና በጨው ብቻ ጣዱት። አራት ሰዓት ሙሉ እኔ ፀሐይዋን ሳይ እርስዎ እሳቱን ያያሉ። ሲበስል አጥንቱን አውጥተው እየወቀጡ፣ «ሰስዋ የሠርግ ምግብ ነው፤ እንግዶችህ ሳይጠሩ ሠርግ ሊበሉ ነው» አሉኝ። ሳቅሁ። ቀድሞ ግን እንጨት ፍለጋ ሲልኩኝ ሁለት ሙዳ ጥሬ ሽንጥ ዱቄቱ ሥር ወሽቄ ነበር፤ እንግዳ ያለ ጥብስ አይረካም ብዬ።

ራ ሞሎኪ «ጥሬ ሥጋ አለ?» ሲልዎት ወደ እኔ ዞሩ። ራሴን ነቅንቄ የለም አልኩ። «የለም» አሉት። ጫማችንን ኬላው ላይ ባለው የበሽታ ማጥፊያ መድኃኒት ውስጥ ነክረን አለፍን።

አሸዋው ሲጀምር ወርደው የአራቱንም ጎማ አየር አስተነፈሱ።

«በተኛ ጎማ ልንሄድ ነው?» አልኩ።

«ጠንካራ ጎማ አሸዋውን ይቆፍረዋል። ለስላሳው ይረግጠዋል። አንተም ብትሞክረው አይጎዳህም።»

ሁለት ጊዜ ሰመጥን፤ ሁለቴም አካፋውን ቀድመው ያዙ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ዱቄቱን ሲያወርዱ ሽንጡን አገኙት።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በጨርቅ ጠቅልለው መኪናው ውስጥ አስቀመጡት።

«እዚሁ እናቃጥለው» አልኩ። «ደርሶ መልሱ ስድስት ሰዓት ነው።»

«የዋሸሁት ኬላው ላይ ነው። የማስተካክለውም እዚያው ነው።»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ እኮ።»

«የተጠየቅኩት ግን እኔ ነኝ።»

ሲነጋ ሽንጡን ለራ ሞሎኪ ሊያስረክቡ ያንን አሸዋ ብቻዎን ተመለሱበት። እንግዶቹ ሰስዋውን ድስቱ እስኪጸዳ በሉት፤ ኃላፊውም በየሳምንቱ አምጣ አለኝ። ሱቄ እስከ ዛሬ የቆመችው በዚያ ነው። እኔም አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላልኩዎትም።

ራ ሞሎኪ እርስዎን መንዳት እስከተዉበት ቀን ድረስ ሳይፈትሽ አሳለፈዎት። እኔን ግን ብቻዬን በመጣሁ ቁጥር ስድስት ዓመት ከረጢት በከረጢት ፈተሸኝ። ባለፈው ማክሰኞ «ጥሬ ሥጋ አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት።

«እለፍ።»

ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩና ሸራውን ራሴ ገለጥኩለት።

«እለፍ አልኩህ እኮ» አለ። ጭነቱን ቀና ብሎም አላየው። «ይልቅ ለማ ኦናሌና ሰላም በልልኝ።»

ሰላምታውን አደረስኩ። የራሴን ይቅርታ ግን በወረቀት አልልክም። ዝናቡ ሲያባራ እንደዚያ ያለ ድስት ይዤ ራኮፕስ እመጣለሁ።

ሥጋውን ከኬላው ወዲያ፣ እዚያው እገዛለሁ።

ታፖሎጎ
ማውን